«ሰው ጠይቅ» የከተማ አገልግሎት አይደለም

አዲስ አበባን ለማያውቅ ሰው ምክር የሚነፍግ የለም። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጠህ ስልክ አታውራ። ኮንትራት ከመግባትህ በፊት ዋጋ ተነጋገር። አውቶቡስ ተራ ስትወርድ ሻንጣህን ለማንም አትስጥ። ግራ ከገባህ ደግሞ ሰው ጠይቅ።

ምክሩ ሁሉ ልክ ነው። እኔም ለዘመዶቼ የምለው ይህንኑ ነው። ግን ልብ በሉ፦ ሸክሙ በሙሉ የተጫነው እንግዳው ላይ ነው። እንግዳው ይጠንቀቅ፣ እንግዳው ይንቃ፣ እንግዳው ይጠይቅ። ከተማዋስ? እሷ ምን ትንገረው? ስለዚህ ማንም አያነሳም።

የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። ለነዋሪም ለእንግዳም የግድ የሚያስፈልገው የአዲስ አበባ ዕውቀት በአፍ እንጂ በጽሑፍ የለም። በአፍ ብቻ ያለ ዕውቀት ደግሞ ባለቤት ያበጃል፤ ባለቤት ያለው ነገር ይሸጣል። ደላላ የምንለው ሰው ከሰማይ አልወረደም። እኛ ግድግዳ ላይ ያልጻፍነውን የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

አንድ ሰው እናስብ። ሪፈር ተጽፎለት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚሄድ የገጠር ታማሚ። ይህ ሰው ብርቅ አይደለም። የካንሰር የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለብዙ ዓመታት የሚሰጠው እዚያ ብቻ ስለነበር ከአራቱም ማዕዘን ሕመምተኛ ወደዚች ከተማ ሲጎርፍ ኖሯል። ሰውዬው አውቶቡስ ተራ ወረደ እንበል። ከዚያ ጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም፤ በጥቂት ብር በታክሲ የሚደረስ ነው። ግን ይህን የሚነግረው ሰሌዳ የት አለ? የሚሰማው ጩኸት ነው፦ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!»፣ «ስታዲየም!»፣ «ሀያ ሁለት!»። ሀያ ሁለት የሰፈር ስም እንጂ ዋጋ እንዳልሆነ ማን ይንገረው? ቀድሞ የሚደርስለት «አባት፣ የት ነው የሚሄዱት?» የሚል ባለ ኮንትራት ነው። ለሕክምና ከተሸጠው በሬ ገንዘብ ላይ የመጀመሪያው ቅነሳ ሐኪም ፊት ሳይደርስ ተጀመረ ማለት ነው።

ይህ በገንዘብ ብቻ ቢያልፍ ጥሩ ነበር። ቤት ሠራተኛ ልትሆን ከገጠር የመጣች ታዳጊም እዚያው ትወርዳለች። ለሀገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ ናት። የምትጠይቀው የመጀመሪያ ሰው ማን ይሁን ማን፣ ዕጣዋ እሱ እጅ ላይ ነው። «ሰው ጠይቂ» ማለት ለሷ ምክር ሳይሆን ቁማር ነው።

«እኛ እኮ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን፤ የጠየቀን ሁሉ እናሳያለን» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ የጠየቁትን ሰው እስከ በሩ ድረስ የሚያደርስ ስንት ደግ ሰው አለ። ግን የደግ ሰው መኖር የከተማን ሥራ አይተካም። ደጉ በሌለበት ሰዓት የሚቆመው ሌላው ነው። እንግዳ መቀበል ማለት እንግዳውን የሰው ምሕረት ጠባቂ ማድረግ ነው እንዴ?

«ብዙው ሰው ማንበብ አይችልም፤ ሰሌዳ ምን ይሠራል?» የሚልም አለ። ሰሌዳ የሚሠራው ለዚህ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው አጠገቡ የቆመውን ያስነብባል። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያየውን የተጻፈ ዋጋ ከፍ አድርጎ መጥራት ደግሞ ይከብዳል። ያልተጻፈውን ግን ማንም እንደፈለገ ይጠራዋል።

ነገሩ የገጠር ሰው ጣጣ ብቻ የሚመስለው ካለ ወደ አድራሻ እንምጣ። ከቦሌ ወደ መስቀል አደባባይ የሚወስደው መንገድ የወረቀት ስሙ የአፍሪካ ጎዳና ነው። ለታክሲ ሾፌር እንዲህ ብላችሁ ሞክሩት። በመስቀል ፍላወር የሚያልፈው ጋቦን ጎዳና መሆኑንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? የቤት ቁጥር አለን፤ ግን መንገዱን ተከትሎ ስለማይሄድ ቤት ፈልጎ ለማግኘት አይረዳም። ስለዚህ አድራሻችን «ከሕንፃው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ቢጫው በር» ነው።

ይህ አድራሻ የሚሠራው ዳቦ ቤቱ እስካለ ድረስ ነው። በ2016 በፒያሳ፣ በ2017 በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶች ሲፈርሱ ስለ ግድግዳው ብዙ ተባለ። አብሮ የፈረሰው አድራሻ ግን ትዝ ያለው የለም። ለዓመታት ስንጠቋቆምባቸው የነበሩ ምልክቶች ሄዱ። የከተማው ሰው ራሱ እንግዳ ሆነ። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፤ መብራቱም ያምራል፤ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መሠራቱም የሚመሰገን ነው። ይህን ሁሉ የሠራ እጅ የታክሲውን መስመርና ዋጋ የሚያሳይ ሰሌዳ በየፌርማታው ማቆም እንዴት ይከብደዋል?

አይከብደውም። ማስረጃው እዚሁ አለ። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ጣቢያዎቹ ላይ ስማቸው ተጽፏል። ባቡሩ ስንት ችግር እንዳለበት ሁላችንም እናውቃለን፤ የት ነው የምወርደው ብሎ መንገደኛን መለማመጥ ግን የግድ አይደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም የዜጎች ቻርተር የሚባል ሰሌዳ ያውቃሉ፦ አገልግሎቱ፣ የሚያስፈልገው ሰነድ፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ክፍያው። ችግሩ ሰሌዳው ባለበት ቦታም ብዙ ጊዜ የሚሰቀለው ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። መሸኛ የጎደለው ሰው መጉደሉን የሚያውቀው ፈቃድ ወስዶ፣ ታክሲ ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ፈታሹን አልፎ ከገባ በኋላ ነው። ውጭ የቆመው ጉዳይ አስፈጻሚ ግን ዝርዝሩን በቃሉ ይዞታል።

እስኪጻፍ ድረስ ለእንግዳችሁ የሚከተለውን ንገሩ።

አንደኛ፣ ስልኩ ላይ ሦስት ቁጥሮች ይመዝገቡ፦ ፖሊስ 991፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907። ያረፈበትን ቤት አቅጣጫም በሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ይያዝ። ሰው ሲታመም «ከዳቦ ቤቱ ጎን» ማለት ደቂቃ ይበላል።

ሁለተኛ፣ የአውሮፕላን ትኬት ሰዓት የኛ አይደለም። 03:00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:30» ካለ ደግሞ ኤርፖርት የሚኬደው ሰኞ ማታ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ እህት ካለቻችሁ ይህን ሦስት ጊዜ ንገሯት።

ሦስተኛ፣ የታክሲውን ታፔላ ይይ፤ ከመነሳቱ በፊትም ዋጋውንና መጨረሻ መውረጃውን ረዳቱን ሳይሆን ተሳፋሪውን ይጠይቅ። መስመር ቆርጦ ሁለቴ የሚያስከፍል እንዳለ ይወቅ።

አራተኛ፣ ወደ ወረዳ ከመሄዱ በፊት በቅርቡ ያንኑ ጉዳይ የጨረሰ ሰው ፈልጎ ያነጋግር።

አያችሁ? አራተኛው ምክሬም ዞሮ ዞሮ «ሰው ጠይቅ» ነው። ከዚህ የተሻለ ምክር ልሰጥ የማልችለው ሌላው አልተጻፈም ስለሆነ ነው።

ስለዚህ ከከተማ አስተዳደሩ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። በአውቶቡስ ተራ፣ በላምበረት፣ በቃሊቲ፣ በአስኮና በአየር ጤና መናኸሪያዎች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚያስረዳ፣ ባጅ ያደረገ ሠራተኛ ያለበት የመረጃ መስኮት። በየፌርማታው፣ ሰው በሚጠራው የሰፈር ስም የተጻፈ መስመርና ታሪፍ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ቀኑ የተጻፈበት የሰነድ ዝርዝር። አንዱም ድልድይ አይደለም፤ የውጭ ብድርም አይፈልግም። ታሪፍ ሲቀየር በቴሌቪዥንና በፌስቡክ የሚያሳውቅ ቢሮ፣ ያንኑ ቁጥር ሰው ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ ቢለጥፍ ምን ያጣል?

የሚያጣው ካለ በአለማወቃችን የሚኖረው ነው።

ነገ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቁ ፌርማታችሁን ዙሩትና እዩት። መስመርና ዋጋ ተጽፎበት ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ እዚሁ ለጥፌ አመሰግናለሁ። ካላገኛችሁም ባዶውን ምሰሶ አንስታችሁ የሰፈሩን ስም ጽፋችሁ ላኩት። ባዶዎቹን ሰብስበን በየክፍለ ከተማው ለይተን እንለጥፋቸዋለን።