የበሽተኛ ምሥጢር በነጋዴ እጅ

ሰው ለሚስቱ ያልነገረውን ለሐኪም ይነግራል። ክርስቲያኑ ለነፍስ አባቱ ያልገለጠውን፥ ሙስሊሙም ከሼሁ የሸሸገውን፥ ሁለቱም በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ጠብቀው ለሐኪሙ ያወጡታል። ሐኪሙም ይጽፈዋል። ይህ ጽሕፈት ዛሬ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ስለ ሆነ፥ ለመድኃኒት ቀማሚ፥ ለመድን ድርጅት፥ ለኮምፒዩተር ኩባንያ ቢሰጥ «ለእድገት ነውና ምን ክፋት አለው?» የሚሉ የተማሩ ሰዎች ተነሥተዋል። እኔ ክፋት አለው እላለሁ፤ ክፋቱም በመስጠቱ ሳይሆን በአሰጣጡ ነው።

መዝገብን መካፈል በራሱ ነውር አይደለም። የደረት ራጅ አይቶ የሳንባ ነቀርሳን የሚያመለክት መሣሪያ ትምህርቱን የሚያገኘው ከብዙ ሺህ በሽተኞች ሥዕል ነው። ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ሕመምተኛውን ይዞ እስከ ደሴ የተንገላታ ሰው የእንዲህ ያለውን መሣሪያ ጥቅም ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ስለዚህ በሩን እንዝጋ የሚል ክርክር የለኝም።

ነገር ግን ተከራካሪዎቼ ዋና ጋሻ አድርገው የሚያነሡት «ስሙ ከተፋቀ በሽተኛው አይታወቅም» የሚለውን ነው። ይህን የሚል ሰው የቦረናን ቀበሌ አያውቅም። «ዕድሜዋ 41፥ መንታ የወለደች፥ ባሏ የሞተባት፥ በጥር ወር የነቀርሳ መድኃኒት የጀመረች» ተብሎ ቢጻፍና የቀበሌዋ ስም ቢጨመርበት፥ በገበያ ቀን ጨው የሚሸጠው ልጅ እንኳ ማን እንደ ሆነች ይነግራችኋል። በሚሊዮን ሕዝብ መካከል ስም መፋቅ መሸሸጊያ ይሆን ይሆናል፤ ጭሱ ከየትኛው ጎጆ እንደ ወጣ በሚታወቅበት ደጋ ግን ስም ከምልክቶች አንዱ ብቻ ነው። ነቀርሳ ወይም ኤች አይ ቪ ወይም የሚጥል በሽታ አለባት ከተባለች ደግሞ ጠላዋን የሚገዛ አይኖርም፤ ልጇንም የሚያገባ ይጠፋል። ኩባንያው የሚያጣው ምንድን ነው? ምንም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ እየዞሩ የሚያዘጋጁትን የቤተሰብ ማኅደር ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። መጸዳጃ ቤት መኖሩ፥ የእናት እርግዝና፥ የሕፃን ክትባት፥ ሁሉም እዚያ አለ። ቤተሰቡ ደጁን የከፈተው ለጎረቤት ልጅ ነው እንጂ ለባሕር ማዶ ነጋዴ አይደለም።

ይህ የድሃ አገር ፍርሃት ብቻ አይምሰላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 ሮያል ፍሪ የሚባለው የለንደን ሆስፒታል ድርጅት የ1.6 ሚሊዮን ያህል በሽተኞችን መዝገብ ዲፕማይንድ ለተባለው የጉግል ኩባንያ ለመስጠት ተዋዋለ። ሐሳቡ በጎ ነበረ፤ የኩላሊትን ድንገተኛ ጉዳት ቶሎ ለማወቅ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2017 የአገሩ የመረጃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፥ በሽተኞቹ በሚገባ ስላልተነገራቸው ሆስፒታሉ ሕጉን አልጠበቀም ሲል ወሰነ። ጋዜጣ የሚያነብ ሕዝብ ባለበት ከተማ እንዲህ ከሆነ፥ በአውራ ጣት የሚፈርሙ እናቶች ባሉበት ምን ሊሆን ነው?

«ድሃ ምን የሚደብቀው አለው?» የሚለውን ንግግር ግን መልስ ልሰጠው እንኳ ያሳፍረኛል። ቦረና ውስጥ ሳስተምር የመምህር ሥራ የጎረቤትን ደብዳቤ ማንበብም ነበረ። ሀብታሙ ሲከስር ገንዘብ ይቀረዋል፤ ድሃው የሚቀረው ክብሩ ብቻ ስለ ሆነ፥ ደብዳቤው ከመነበቡ በፊት በሩን የሚዘጋው እርሱ ነበረ።

ውል አለ ትሉኝ ይሆናል። የጤፍንም ውል አስታውሱ። በ1997 ዓ.ም. አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ጥቅሙን ለመካፈል ተፈራረመች። ኩባንያው በአውሮፓ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶም ከሰረ፤ ለእኛ የደረሰን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። መብቱን በሆላንድ ፍርድ ቤት ያፈረሰው በ2011 ዓ.ም. ነው። ጤፍ እንኳ በየዓመቱ ይዘራል። አንዴ የወጣ የሰው ምሥጢር ግን በየትኛው ፍርድ ቤት ይመለሳል?

በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቶልናል። የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይቈጥረዋል፤ የተሰጠ ፈቃድም ሊነሣ እንደሚችል ይደነግጋል። አዋጁ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ በአዲስ አበባ ይታተማል እንጂ በጤና ኬላው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ጸሐፊ እናንተ ናችሁ፤ ነርሱም፥ የኮምፒዩተር ባለሙያውም ከእናንተ መካከል ይወጣል። ኩባንያ መጥቶ መዝገብ ቢጠይቃችሁ፥ ለምን ሥራ እንደሚፈልገው፥ እስከ መቼ እንደሚይዘው፥ ለሌላ እንዳይሸጠው ምን እንደሚከለክለው፥ ከሚያተርፈውም ለዚህ ደጋ ሕዝብ ምን እንደሚመልስ በጽሑፍ አስፍሩት። መልሱን ካላገኛችሁ ቁልፉን አትስጡ፤ አለቃችሁ ቢቈጣም።

ፈቃድም ስትጠይቁ በአውራ ጣት ቀለም አትጨርሱት። ቁጭ በሉና በራሷ ቋንቋ «እናቴ፥ የሕመምዎን መዝገብ አንድ መድኃኒት የሚሠራ ኩባንያ ሊያየው ይፈልጋል፤ ገንዘብም ሊያተርፍበት ይችላል። አይሆንም ቢሉ መድኃኒትዎ አይቀርብዎትም» በሏት። ከልጆቿ ጋር ልትማከር ብትፈልግ፥ እስከሚቀጥለው ቀጠሮዋ ድረስ ጠብቋት።