በደረቅ ጨርቅ አንጥረግ

ዛሬ የምንጽፈው ስለ መኪና ነው። «መኪና ደግሞ ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡን።

መኪናችን ጥቁር ናት። ያገለገለች ቶዮታ ኮሮላ ስንገዛ ቀለም ለመምረጥ አቅም አልነበረንም፤ ገንዘባችን የደረሰው እርሷ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን በደንብ መያዝ እንዳለብን ገባን። ስለዚህ ቀለሟን መንከባከብ ጀመርን።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ እየተመላለሰ ጥቁር መኪና የነዳ ሰው ችግራችንን ያውቀዋል። አስፋልቱ ላይ እስካለን ድረስ ደህና ነን። ለቅሶ ለመድረስ ወይም የታመመ ለመጠየቅ ወደ ገጠር የታጠፍን ዕለት ግን ቀዩ አፈር ይቀበለናል። በበጋ አቧራ ነው፣ በክረምት ጭቃ ነው። ነጭ መኪና ወይም ብርማ መኪና አቧራውን በመጠኑ ይሸሽጋል። ጥቁር ግን ምንም አይሸሽግም፤ ልጆች በጣታቸው የነኩት ሳይቀር ይታያል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት በየጠዋቱ አንድ ነገር እናደርግ ነበር። ከቤት ከመውጣታችን በፊት ጨርቅ ይዘን ሌሊት የተኛባትን አቧራ ጠረግ ጠረግ እናደርጋለን። ውኃ አይባክንም፣ ጊዜም አይፈጅም። መኪናዋም ለደቂቃዎች ታበራለች። እኛም ጎበዝ የሆንን መስሎን ደስ ብሎን እንሄዳለን።

አንድ ቀን ላቫጆ ቆመን ሳለ ይህንኑ ስናደርግ አጣቢው ልጅ አየን። «ኧረ ጋሼ፣ በደረቁ እንዳያሹት!» ብሎ እየሮጠ መጣ። ከዚያም መኪናዋን ፀሐይ ላይ አዙሮ በሩንና ኮፈኑን አሳየን። እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፉ ጭረቶች ሞልተውበታል። «ይኼ የመንገዱ አይደለም» አለን፤ «የጨርቁ ነው።»

ነገሩን ስናጣራ ልጁ እውነቱን ነበር። ከጥቁሩ ቀለም በላይ ቀለም ቀቢዎች «ክሊር» የሚሉት፣ እንደ መስተዋት የሚያበራ ሽፋን አለ። ውፍረቱ ከአንድ የራስ ፀጉር ያነሰ ነው። በአቧራው ውስጥ ያለው የአሸዋ ብናኝ ደግሞ ከዚህ ሽፋን ይልቅ ጠንካራ ነው። አቧራው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ቀለሙን አይጎዳውም። በደረቅ ጨርቅ ጫን ብለን ስንስበው ግን እያንዳንዱ ብናኝ እንደ ጥፍር ይቧጭራል። መኪናችንን የጎዳት የገጠሩ መንገድ አልነበረም፤ ለንጽሕና የቸኮለው እጃችን ነበር።

ትክክለኛው አስተጣጠብ ቅደም ተከተል አለው። መኪናዋ ጥላ ሥር ትቆማለች፤ ፀሐይ ላይ ጥቁር ቆርቆሮ ስለሚግል ሳሙናው ሳይታጠብ ይደርቅና ምልክት ይተዋል። ከዚያ ብዙ ውኃ ይፈስስባታል። አቧራው ርሶ፣ ለስልሶ፣ አብዛኛው በራሱ እስኪወርድ ማንም አይነካትም። ቀጥሎ ሁለት ባልዲ ይቀርባል፤ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጨርቁ የሚታጠብበት ንጹሕ ውኃ። ከላይ ወደ ታች በቀስታ ይታጠባል። ጎማው በሌላ ጨርቅ ነው፣ ያውም በመጨረሻ። ከሁሉ በኋላ ለስላሳ ፎጣ ይመጣል። ውኃ ይቀድማል፣ ፎጣ ይከተላል።

ወገኖች ሆይ፣ ይህን ስንሰማ አንድ ወንድም ትዝ አለን።

በኅብረታችን ውስጥ ያደገ ወጣት ነበር። ለሳምንታት ጠፋ። ማታ ማታ መጠጥ ቤት በር ላይ አየነው የሚሉ ሰዎች መጡ። አንድ እሑድ ሲመለስ እኛው በር ላይ ቆመን ተቀበልነው። «እንዴት ከረምክ?» አላልንም። «እናትህ እንዴት ናቸው?» አላልንም። ሰው እየሰማ፣ «አንተ የጌታ ልጅ ነህ፣ ምን ትሠራ ነበር?» አልነው። ለእርሱ ብለን ነው። ለጌታ ቤት ክብር ብለን ነው። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማን፣ ጉባኤው ሳያልቅም ወጣ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ቆይቶ እንደ ሰማነው እናቱ ታመውበት ነበር። ሥራውም ቆሞበት ነበር። መጠጥ ቤቱ በር ላይ የታየው የቢራ ሳጥን ሲያወርድ ነው፤ በዚያ ገንዘብ መድኃኒት ይገዛ ነበር። ጥፋት አልነበረበትም አንልም፤ አንዳንድ ማታ ከሠራተኞቹ ጋር ጠጥቷል፣ ራሱም አልካደም። ግን እኛ ያየነው እድፉን ብቻ ነው። እድፉን ለማስለቀቅም የያዝነው ደረቅ ጨርቅ ነበር።

በዚህ አካባቢ እኛ ወንጌል አማኞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቀናል፣ ሁሉም ያየናል። እንደ ጥቁር መኪና ነን፤ ትንሿ ነጥብ ጎልታ ትታያለች። ለዚህ ይመስለናል የአንዱ ወንድም ጥፋት በተሰማ ቁጥር ቶሎ ጠርገን ለማሳየት የምንጣደፈው። ቢሆንም ጥቁር ቀለም የሚያጋልጠው አቧራን ብቻ አይደለም፤ ጭረትንም ያጋልጣል። አቧራው ነገ ይታጠባል። ጭረቱ ግን ዓመታት አልፈውም ፀሐይ በወጣች ቁጥር ይታያል። ከኅብረት የራቀውን ወጣት ጎረቤቶቹ ያዩታል፤ ለምን እንደ ራቀም ያውቃሉ።

ጌታችን በዮሐንስ 13 የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ውኃ በመታጠቢያው ጨመረ፣ እግራቸውን አጠበ፣ ከዚያ በኋላ በታጠቀው ማበሻ ጨርቅ አበሰ። የመንገድ አቧራ ያለበትን እግር በደረቁ አላሸውም። ያውም ጎንበስ ብሎ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ውኃውን ትተን ጨርቁን ብቻ እንይዛለን፤ ያውም ቆመን።

«ታዲያ ኃጢአት ዝም ይባል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። አይባልም! ይህንንም ጥቁሯ መኪና አስተምራናለች። የወፍ ኩስ ፀሐይ ላይ ከዋለ ክሊሩን ይበላዋል፣ ስለዚህ ለነገ አይባልም። ያም ሆኖ በጥፍር አይፋቅም። እርጥብ ጨርቅ ይደረግበታል፣ እስኪለሰልስ ይጠበቃል፣ ከዚያ በቀስታ ይነሣል። ነቢዩ ናታን ለዳዊት እውነቱን አልሸሸገም፤ ነገር ግን በምሳሌ ጀመረ፣ የዳዊትን ልብ አራሰ፣ ከዚያ ስለ ራሱ መሆኑን ነገረው (2ኛ ሳሙኤል 12)። ጌታም በማቴዎስ 18 ወንድምህ ሲበድልህ መጀመሪያ ለብቻችሁ ሆናችሁ ተነጋገሩ ያለን በደጅ በሰው ፊት እንዳናዋርደው ነው። ጳውሎስ ደግሞ በገላትያ 6 የወደቀውን በየዋህነት አቅኑት ሲል፣ የሚያቀናውም ራሱን እንዲጠብቅ ያሳስባል።

በሌላ በኩል በናፍጣ ወልውሎ ማብረቅረቅም አለ። ለአንድ ሰዓት ያምራል፤ ከዚያ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ይይዛል። ጥፋትን እያዩ «ምንም አይደል፣ ሁሉም ያደርገዋል» ማለት እንደዚያ ነው። ፍቅር አይደለም። ውኃ እድፉን ያነሣዋል እንጂ አይሸፍነውም።

የኮፈኑን ጭረት ማጥፋት ይቻል እንደ ሆነ ልጁን ጠየቅነው። «በፖሊሽ ይቻላል» አለን፤ «ግን ጭረቱ አይሞላም። በዙሪያው ያለው ክሊር ተፍቆ ወደ ጭረቱ ጥልቀት ይወርዳል እንጂ።» ይህ ቃል ቤታችን ድረስ ተከተለን። ያቆሰልነውን ወንድም ለመመለስ እርሱ እንዲስተካከል መጠበቅ አይበቃም። ከእኛ ክብር መፋቅ አለበት። ከ«እኛ ትክክል ነበርን» ላይ መፋቅ አለበት።

ስለዚህ ወደ ቤቱ ሄድን። እናቱ ቡና አፈሉልን። በር ላይ በሰው ፊት ያዋረድነውን በቤቱ ይቅርታ ጠየቅነው፤ የሰሙት ወንድሞች ባሉበትም ደግመን እንደምንጠይቀው ነገርነው። በአክብሮት ሰማን፣ እስከ መንገድ ድረስም ሸኘን። ወደ ኅብረት ግን እስካሁን አልተመለሰም። እንጠብቀዋለን፤ ደግሞም እንሄዳለን።

እናንተም በዚህ ሳምንት የአንድ ሰው ስም በልባችሁ ከመጣ፣ ከመናገራችሁ በፊት ውኃ ይዛችሁ ሂዱ። እንዴት እንደ ከረመ ጠይቁት። ቤቱ ግቡ። ለእርሱ ጸልዩ። ፎጣው በኋላ ይደርሳል።

አባት ሆይ፣ የችኮላ እጃችንን ያዝልን። በእኛ ጭረት ምክንያት ከቤትህ የራቁትን መልሳቸው፤ እኛንም ጎንበስ ማለትን አስተምረን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።