ዶሮ ወጥ የበዓል ገበታ አውራ ሊሆን ይገባዋልን?

በዓል በቀረበ ቁጥር በሞጣም ሆነ በቢቸና፥ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ፥ ከየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ዶሮ ተገዛ ወይ?» የሚል ነው። ዶሮ የገባበት ቤት በዓል የገባበት ቤት ይባላል። ዶሮ ያልገባበት ቤት ግን ዳቦው ተደፍቶ፥ ጠላው ተጠምቆ፥ ቄጤማው ተጎዝጉዞ ሳለ ጦሙን ያላፈረሰ ቤት ይመስል ይታዘንለታል። እኛ ከምሥራቅ ጎጃም የመጣን ተማሪዎች በዚህ ሥርዐት ውስጥ ስላደግን ጣዕሙንም ሸክሙንም እናውቃለን። ስለዚህ ዶሮ ወጥ በበዓል ገበታ ላይ የያዘው የአውራነት ቦታ የሚገባው መሆኑንና አለመሆኑን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር አስበናል።

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ወጥ ይጽፋል ወይ?» ብለው የሚስቁ ይኖሩ ይሆናል። ይሳቁ፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ በበዓሉ ቀን በገበታው ላይ የሚያኖረው ነገር ማን እንዳረባው፥ ማን እንደ ገዛው፥ ማን ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሠራውና ማን ተቀምጦ እንደ በላው ይናገራል። ይህን መጠየቅ የኑሮአችንን ሥርዐት መጠየቅ ነው እንጂ የሆድ ነገር ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ «ከአባቶቻችን የወረስነው ስለ ሆነ አይነካም» ለሚሉት መልስ እንስጥ። ዶሮ በመሠረቱ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የወጣ እንስሳ ነው። ወደ አገራችን የገባው እጅግ ቀደም ብሎ ነው፤ በምሥራቅ ትግራይ መዝበር በተባለው ጥንታዊ መንደር ተቆፍሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት ዕድሜው ከ2,500 ዓመት በላይ መሆኑን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ወጡን ቀይ የሚያደርገው በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነው፤ ከኮሎምበስ ጉዞ፥ ማለት ከ1492 በፈረንጅ አቆጣጠር በፊት፥ ከዚያ አህጉር ውጭ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ ጥንታዊ የምንለው ቀይ ዶሮ ወጥ ከጥቂት መቶ ዓመታት በላይ ዕድሜ ሊኖረው አይችልም ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አባቶቻችንም በዓል ሳያከብሩ አልኖሩም።

ሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። አሜሪካኖች በምስጋና ቀናቸው ተርኪ የሚባለውን ትልቅ የዶሮ ዘመድ ካልበሉ በዓሉን ያከበሩ አይመስላቸውም። ነገር ግን ያ ቀን በመላው አገር በየዓመቱ መከበር የጀመረው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 በፈረንጅ አቆጣጠር ካወጁት አዋጅ ወዲህ ነው፤ ለዚህም ሣራ ሄል የተባለች የመጽሔት አዘጋጅ ለብዙ ዓመታት ስትወተውት ኖራለች። ልማድን የሚሠራው ሰው ነው፤ ሰው የሠራውንም ሰው ሊያሻሽለው ይችላል። ስለዚህ ዶሮ ወጥ ቦታውን ሊይዝ የሚገባው ጥንታዊ ስለ ሆነ ሳይሆን መልካም ምክንያት ሲኖረው ነው።

ምክንያቱስ አለው ወይ? እኛ አለው እንላለን፤ ሦስትም ነው።

አንደኛው የዶሮ ትንሽነት ነው። በሬ ለማረድ ጎረቤት ተሰብስቦ ቅርጫ መግባት አለበት። በግ፥ ያውም የጎጃሙ ዋሸራ በግ፥ የብዙ ቀን ደመወዝ ይበላል፤ የተረፈውን ሥጋ ማቆያም ይጠይቃል። ዶሮ ግን አንድ ቤት ብቻውን ሊያርደው የሚችል፥ በአንድና በሁለት ቀን የሚያልቅ፥ ማቀዝቀዣ የማይጠይቅ እርድ ነው። 55 ቀን ጦሞ የፋሲካን ሌሊት ለሚጠብቅ ድኻ፥ ደም አፍስሶ በዓሉን ለማክበር ያለው የመጨረሻው ትንሽ በር ይህ ነው።

ሁለተኛው የባለቤትነቱ ነገር ነው። በገጠራችን በሬው የአባወራው ነው፤ እህሉም የሚሸጠው በአባወራው ፈቃድ ነው። ዶሮና እንቁላል ግን የእመቤቲቱ ናቸው። ለጨው፥ ለዘይት፥ ለሳሙና የሚሆነው ሳንቲም የሚወጣው ከእንቁላሉ ነው። በዚህ ዩኒቨርሲቲ ከምንገኘው የገጠር ልጆች መካከል የመጀመሪያው ደብተሩና እርሳሱ በእንቁላል ያልተገዛለት ጥቂት ነው። ስለዚህ በበዓል ቀን ዶሮ ሲታረድ እናት ከራሷ ሀብት ቆርሳ ቤቷን ታበላለች ማለት ነው፤ ይህም ክብር ነው።

ሦስተኛው አከፋፈሉ ነው። አንዱ ዶሮ 12 ብልት ሆኖ ይወጣል፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለከበረ እንግዳ፥ መላላጫውም ክንፉም እንደየሰዉ ይታደላል፤ እንቁላሉም ለየአንዳንዱ ይደርሳል። አሥራ ሁለቱን በሐዋርያት ቁጥር የሚተረጉሙም አሉ። ትርጓሜው የሆነው ቢሆን፥ ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙም ከማይበልጥ ሥጋ ለስምንትና ለዐሥር ሰው ድርሻ እንዲደርስ የሚያደርግ ብልሃት ቀላል ብልሃት አይደለም።

እንዲህ ከሆነ ክርክሩ የት ነው? ክርክሩ ያለው ይህ የድኻ ቸርነት የነበረው ምግብ ወደ ግዴታነት፥ ከዚያም አልፎ ወደ መለኪያነት በመለወጡ ላይ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባደረገው የናሙና ጥናት በአገሪቱ የነበረው ዶሮ፥ ጫጩቱም ቄቡም እንቁላል ጣይዋም ተደምሮ፥ 57 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሕዝባችን ደግሞ ከ100 ሚሊዮን በላይ ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው፤ ከሚፈለፈሉትም ጫጩቶች ብዙዎቹን ጭልፊትና ሸለምጥማጥ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ ፈንግል ይፈጃቸዋል። ፈንግል የገባበት መንደር በሳምንት ውስጥ ዶሮ የለሽ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ቤት ሁሉ በቅዱስ ዮሐንስ፥ በገና፥ በፋሲካ «ዶሮ ካልታረደ» ሲል ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የኢኮኖሚክስ መምህር አያስፈልግም።

ይህ የዋጋ ውድነት ለአርቢዋ ይጠቅማታል የሚል ይኖራል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ በበዓል ሰሞን የተጓዘ ሰው፥ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ወደ ከተማ ሲጫኑ አይቷል። ከአርቢዋ እጅ የገዛው ሰብሳቢ ለነጋዴ፥ ነጋዴው ለቸርቻሪ ይሸጣል፤ በየእጁም ትርፍ ይጨመራል። በመጨረሻ የከተማው ሠራተኛ ተበድሮ ይገዛል፤ አርቢዋም ዶሮዋን ሸጣ ለልጆቿ ሽሮ ትሠራለች። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ሻጭም ገዢም አብረው ተጎድተዋል። ዶሮ ያረባው ቤት ዶሮ ሳይበላ፥ የበላውም ቤት በዕዳ የሚያከብረው በዓል ማንን ያስደስታል?

ከዋጋው የሚከብደው ግን ድካሙ ነው። ዶሮው በፈላ ውሃ ተነክሮ ይነጫል፤ በእሳት ይለበለባል፤ ብልቱ ይወጣል፤ በሎሚና በጨው ደግሞ ደጋግሞ ይታጠባል። ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ይከተፋል፤ እርሱም ለብዙ ሰዓት በእሳት ላይ ይቁላላል። በርበሬው፥ ነጭ ሽንኩርቱ፥ ቅቤው፥ ኮረሪማው፥ መከለሻው ተራ በተራ ይገባል። ይህ ሁሉ በጭስ ውስጥ የሚሠራው በማን ነው? በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ነው። እኅቶቻችን ከእኛ ጋር አንድ ክፍል ተምረው፥ አንድ ፈተና ተፈትነው፥ በአንድ አውቶቡስ አገራቸው ይገባሉ፤ ከደረሱ በኋላ ግን እኛ በመደቡ ላይ ተቀምጠን ስለ ትምህርት ስንጠየቅ እነርሱ ስለ ሽንኩርቱ ይጠየቃሉ። ብልት ማውጣት ያላወቀች ሙሽራ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች የሚለው ቀልድም ከቀልድነት አልፎ ስንቷን ልጃገረድ አስፈርቶ እንደ ኖረ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በሒሳብ መቶ ያገኘች ልጅ በአሥራ ሁለት ብልት ስትወድቅ ይሳቅባታል።

ይባስ ብሎ ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት በልማዳችን ቢላዋውን መያዝ አይፈቀድላትም፤ ሴት አታርድም ይባላልና። ባሏ የሞተባት ሴት በበዓል ዋዜማ ዶሮዋን ታቅፋ በአጥሯ በር ቆማ የሚያርድላት ወንድ፥ የዐሥር ዓመት ልጅም ቢሆን፥ ስትለምን ማየት በመንደሮቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቤቷን ብቻዋን የምታስተዳድር ሴት የገዛ ዶሮዋን ለማረድ የማትበቃበትን ምክንያት የሚያስረዳን ሰው ቢኖር በዚሁ ጋዜጣ መልስ ቢሰጠን ደስ ይለናል።

ሌላም የማይዘለል ነገር አለ። ሞጣ የክርስቲያን ብቻ ከተማ አይደለችም፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ከእኛ ጋር አንድ ገበያ የሚውሉባት፥ አንድ ምንጭ የሚቀዱባት ከተማ ናት። እርድ ግን አንጋራም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች በተቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች በተዘረፉ ጊዜ ብዙ አገር ወዳድ ሰው አዝኗል። ከዚያ ወዲህ በአጥር ላይ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚያልፈው ነገር ምን እንደ ሆነ ማሰብ ይገባናል። የሚያልፈው ዶሮው አይደለም፤ ዳቦው፥ ማሩ፥ ቡናው ነው። ስለዚህ ዶሮው የቤተሰቡ ገበታ አውራ ቢሆንም የመንደሩ በዓል አውራ ዳቦውና ቡናው መሆናቸውን መርሳት የለብንም። ዶሮ በሌለበት ቤት በዓል የለም ማለት እነዚህን ሁሉ ከቁጥር ማውጣት ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ዶሮ ወጥ ቦታው ይገባዋል፤ ይቀመጥ። ቦታው የሚገባው ግን ትንሹን ለብዙ ሰው የማካፈል ብልሃት ስለ ሆነ ነው። ቤትን በቤት ላይ፥ ሚስትን በሚስት ላይ መመዘኛ በሆነበት ቤት ግን ማዕረጉን አጥቷል።

በነገር ብቻ እንዳንቀር አራት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፥ ለመጪው በዓል አገሩ የሚገባ ወንድ ተማሪ ሁሉ ሽንኩርቱን ይክተፍ። እንባ ወንድን አይገድለውም። ሁለተኛ፥ በሬ በቅርጫ እንደሚገባ ሁሉ ሁለትና ሦስት ቤት ተባብሮ አንድ ዶሮ ቢያርድ ነውር የለበትም፤ አሥራ ሁለቱ ብልት ሦስት ቤት ቢደርስ ለየቤቱ አራት ነው። ሦስተኛ፥ ከአንዳሳም ሆነ ከሌላ ቦታ የሚመጡትን የተሻሻሉ ዶሮዎች «ሥጋቸው በወጥ ይበተናል» እያልን አንናቃቸው፤ ሽንኩርቱ በስሎ ካለቀ በኋላ ዘግይተው ቢገቡ ይህ ችግር ይቀንሳል፤ እሳቱና እንጨቱም ይቆጠባል። አራተኛ፥ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ስለ ፈንግል ክትባት በየቀበሌያቸው ያስተምሩ። ሙቀት የሚችልና በዓይን ጠብታ የሚሰጥ ክትባት በቢሾፍቱ ይመረታል፤ በየጥቂት ወሩ መደገም ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንዲት እናት አሥር ጫጩቶቿ ከፈንግል ቢድኑላት የምትሸጠውም የምታርደውም ይኖራታል፤ የዚያን ጊዜ ዶሮ ያረባው ቤት ዶሮ ይበላል።

መምህሮቻችንም በዚህ ነገር ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡን እንለምናለን፤ በተለይም ዶሮ ወጥ ያለ ሽንኩርት ከታፊ ሚስት አይጣፍጥም የሚሉ ካሉ ማስረጃቸውን ለመስማት ዝግጁ ነን። እስከዚያው ግን በመጪው በዓል ወደ ጎረቤት ስንገባ «ዶሮ አረዳችሁ ወይ?» ማለታችንን ትተን «እንኳን አደረሳችሁ» ብንል በቂ ነው።