ማሳጠር መቆራረጥ አይደለም



በዚህ ወር የምናነሣው ተማሪዎች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝን ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ብቻ ከሆነ ሰመሪ መጻፍ ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በብሔራዊ ፈተናው ላይ ተማሪ መልስ ይመርጣል እንጂ አንድም ዓረፍተ ነገር አይጽፍም። ሰመሪ የሚጻፈው በትምህርት ቤት ፈተና ነው።

ነገር ግን በዚያው በምርጫው ፈተና ምንባብ ይሰጥና ዋና ሐሳቡ የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል። ከአማራጮቹ አንዱ ምንባቡ ውስጥ ያለ፣ እውነትም የሆነ፣ ግን ትንሽ ዝርዝር ይሆናል። ሌላው ምንባቡ ከሚለው በላይ የሰፋ ነው። ሌላው ደግሞ ጨርሶ ያልተባለ። ሰመሪ ጽፎ የማያውቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይመርጣል፤ ቃሉን በዓይኑ አይቶታላ! ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በየዩኒቨርሲቲው ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ አልጭንም። ያነበበውን «ምን አለ?» ሲሉት መመለስ የማይችል ልጅ ግን ፈተናው ውስጥ ሲገባ ብርቱ ችግር እንደሚገጥመው በየቀኑ አያለሁ።

መድረሳ ለቀራችሁ ይህ ሙያ እንግዳ አይደለም። «ሙኽተሰር» የምንለው ምንድን ነው? የወሎ ደረሶች የሚቀሩት ሚንሃጅ ራሱ ኢማም አን‑ነወዊ (በ676 ሒጅራ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1277 ያረፉት) የኢማም አር‑ራፊዒይን «አል‑ሙሐረር» አሳጥረው ያዘጋጁት ኪታብ ነው። ከዚያም ሸይኽ ዘከሪያ አል‑አንሷሪ ሚንሃጅን እንደገና አሳጠሩት። አን‑ነወዊ የራሳቸውን ሐሳብ በሚጨምሩበት ቦታ «እኔ እላለሁ» በሚል ቃል ጀምረው «አላህ ያውቃል» በሚል ይዘጉታል፤ የባለቤቱ ቃል ከሳቸው ቃል ጋር እንዳይደባለቅ ነው። የዛሬ ተማሪ ሰመሪው ላይ «በእኔ አስተያየት» ብሎ ሲጨምር ነጥብ የሚቀነስበትም በዚሁ ምክንያት ነው። የተጠየቀው ጸሐፊው ያለውን እንጂ አንባቢው ያሰበውን አይደለም።

እስቲ በሰፈራችን ምሳሌ እንየው። ምንባቡ እንዲህ ይላል እንበል፦

«መርካቶ ውስጥ ምን አለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለ። ቁራሌዎች ከየመንደሩ የገዙትን አሮጌ ቆርቆሮ፣ በርሜልና ብረት ወደዚያ ይወስዳሉ። የእጅ ባለሙያዎች ቆርጠውና ቀጥቅጠው ምድጃ፣ መጥበሻ፣ ባልዲና ሣጥን ይሠሩበታል። ዕቃው ከአዲሱ ስለሚረክስ ገዢ አያጣም። ብዙ ቤተሰብም በዚህ ሥራ ይተዳደራል።»

አንዱ ተማሪ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ያስረክባል። ተነብቦ ሲታይ ቤተሰቡ በየትኛው ሥራ እንደሚተዳደር አይታወቅም። ሌላዋ «መንግሥት እነዚህን ሰዎች ሊረዳቸው ይገባል» ብላ ትጨርሳለች፤ መልካም ሐሳብ ነው፣ ግን ምንባቡ አላለውም። እኔ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው እንዲህ ላለው ነው፦

«በምን አለሽ ተራ ባለሙያዎች አሮጌ ብረታ ብረትን ርካሽ የቤት ዕቃ አድርገው በመሥራት ቤተሰባቸውን ያስተዳድራሉ።»

ምድጃው፣ መጥበሻው፣ ባልዲውና ሣጥኑ የት ገቡ? «የቤት ዕቃ» የሚለው ጠቅልሎ ያዛቸው። ልጆቻችን የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው። መጥበሻንና ባልዲን በእንግሊዝኛ ያውቃሉ፤ ሁለቱን የሚጠቀልለውን ቃል ግን አያውቁም። ስለዚህ የቃላት ደብተር ስትይዙ የዝርዝሩን ስም ብቻ ሳይሆን የጠቅላላውንም ስም ጻፉ፤ ከካርቱም አጠገብ «ከተሞች»፣ ከወባና ከኩፍኝ አጠገብ «በሽታዎች» እያላችሁ።

መገልበጥ ከስንፍና ብቻ የሚመጣ አይመስለኝም። ልጁ በራሱ ቃል ከጻፈ ሰዋስው እንዳይሳሳት ይፈራል። በሒፍዝ የሠለጠነ ልጅማ ቃልን መለወጥ ነውር ይመስለዋል። ለቁርኣን ልክ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ምንባብ ግን ይህን ልማድ ማላቀቅ ይገባል። እኔ የማዝዘው ቀላል ነው፦ ሁለት ጊዜ አንብብ፤ መጽሐፉን ዝጋ፤ የተባለውን በአማርኛ፣ ወይም ቤታችሁ በስልጥኛም በጉራጌኛም የሚነጋገር ከሆነ በዚያው፣ ለአንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ንገር። ከዚያ ብቻ በእንግሊዝኛ ጻፈው። መጽሐፉን መልሰህ የምትከፍተው ስሞችንና ቁጥሮችን ለማመሳከር ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች ትገባላችሁ። እንግሊዝኛ አለማወቃችሁ አያግዳችሁም። አባት ልጁን ዱባይ ተራ ዋጋ ጠይቆ እንዲመጣ ሲልከው፣ ልጁ ተመልሶ ከማን ጋር እንዳወራ፣ ማን ሻይ እንደጋበዘው አይተርክም፤ «ጨምሯል፤ ነገ ዕቃ ይገባል» ይላል። በሱቅ የሚችለውን በመጽሐፍ ጠይቁት። ከመግሪብ በኋላ አሥር ደቂቃ ሰጥታችሁ «ዛሬ ያነበብከው ምን አለ?» በሉት። ካልገባችሁ፣ እሱም አልገባውም ማለት ሊሆን ይችላል፤ እንደገና ያንብበው።

ለዚህ ወር ልምምድ፦ በመጪው ጁሙዓ አንዋር መስጊድም ሆነ በሰፈራችሁ የምትሰሙትን ኹጥባ ቤት ስትደርሱ በአራት መስመር እንግሊዝኛ ጻፉት። ከ50 ቃላት አይበልጥ።