ለጥቂት ቍርጥ ሌላ ቤት መሄድ ያስፈልጋልን?

ልብስ ሰፊ መርፌውንና መቀሱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። ክር ለመበጠስ ብሎ ወደ ጎረቤት ሱቅ የሚሄድ ልብስ ሰፊ እስከ ዛሬ አላየንም። በቪዲዮ ሥራ ግን እንዲህ ያለውን ጕዞ በየቀኑ እናያለን፤ ስለዚህም በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ቃል ለመናገር ወደድን።

ቪዥዋል ኢፌክት የሚባለው ሙያ ካሜራው ያላየውን በሥዕሉ ላይ መጨመር፥ አይቶ ያስቀረውንና የማይፈለገውን ደግሞ ማጥፋት ነው። ለዚህ ሥራ ከተዘጋጁትና በጣም ከታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ ኑክ ነው። ኑክ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዲጂታል ዶሜይን በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ ለኩባንያው ለራሱ ሥራ ተብሎ መሠራት የጀመረ ሲሆን፥ በ2007 ፋውንድሪ በተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እጅ ገባ።

የኑክ አሠራር እንደ ተለመዱት የቪዲዮ መቍረጫዎች አይደለም። በእነዚያ ቍራጮቹ በአንድ ረዥም መሥመር ላይ በተራ ይደረደራሉ። በኑክ ግን እያንዳንዱ ተግባር ኖድ የምትባል አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው። አንዲቱ ኖድ ሥዕሉን ታነባለች፤ ሁለተኛይቱ ቀለሙን ታስተካክላለች፤ ሦስተኛይቱ ሁለት ሥዕሎችን ታነባብራለች፤ የመጨረሻይቱም ጽፋ ታወጣለች። ሁሉም የወንዝ ገባሮች እንደሚገናኙ በመሥመር እየተያያዙ ይወርዳሉ።

ታዲያ ጀማሪው «አምስት ሰኮንድ ከፊቱ ቈርጬ ሌላ ቍራጭ ልቀጥልበት» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ፥ የሚያገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «ይህ የመቍረጫ ቤት አይደለምና ወደ መቍረጫው ሂድ» የሚል ነው። እርሱም ሥራውን ጽፎ ያወጣል፤ በሌላ ሶፍትዌር ይቈርጣል፤ እንደገና ጽፎ ያወጣል፤ መልሶም ያስገባል። በዚህ ምልልስ ጊዜው ያልቃል፤ ዲስኩ ይሞላል፤ ፋይሉ በተጨመቀ ቍጥር ሥዕሉ ይደክማል፤ ቀለሙም ተለውጦ ሊመለስ ይችላል። በሀገራችን ቀርጾ፥ ቈርጦና ቀለም አስተካክሎ የሚያስረክበው አንድ ሰው በአንድ ኮምፒዩተር መሆኑ የተለመደ ነውና፥ ይህ ድካም የሚወድቀው በዚያው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለተመለከተው ሰው ግን በኖድ ቤትም መቀስ አለ። ኖድ የሚያውቀው የፍሬም ቍጥር ነው። የመመልከቻው መስኮት «50ኛውን ፍሬም ስጡኝ» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄው በመሥመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሥዕሉም ወደ ታች ይወርዳል። እንግዲህ መቍረጥ ማለት ለዚህ ቍጥር መልስ የሚሰጠው የትኛው ምንጭ እንደ ሆነ መወሰን ብቻ ነው። ለዚሁም በኑክ ውስጥ ፍሬምሬንጅ የተባለችው ኖድ ከየት እስከ የት እንደሚፈለግ ትወስናለች፤ ታይምኦፍሴት ቍራጩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ታዛውራለች፤ አፔንድክሊፕ ቍራጮቹን ተራ በተራ ትቀጥላለች፤ ስዊች ደግሞ በተወሰነ ፍሬም ላይ ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ትዞራለች። ከዋናው ፋይል ግን አንዲት ፍሬም እንኳ አትጠፋም። የልብስ ሰፊው መቀስ የቈረጠውን ጨርቅ አይመልስም፤ ኖዷ ግን ቍጥሯ በተለወጠ ጊዜ የተቈረጠውን ሁሉ መልሳ ታሳያለች።

ይሁን እንጂ ቀላል ነው ማለት ጥንቃቄ አያሻውም ማለት አይደለም። እኛም ራሳችን አንድ ጊዜ ተሳስተን ተምረናል። እያንዳንዳቸው 50 ፍሬም የሆኑ አሥር ቍራጮች ያሉት አጭር ማስታወቂያ ስንሠራ፥ ድምፁ አስቀድሞ ተለክቶ ተሰጥቶን ነበር። እኛ ግን ከ20 እስከ 70 ያለው 50 ነው ብለን ቈጠርን። ሁለቱም ጫፎች ይቈጠራሉና 51 ነበር። በአንዱ ቍራጭ ላይ ስሕተቱ ለዓይን አልታየንም። በአሥሩ ግን አሥር ፍሬም ሆነ፤ በሰኮንድ 25 ፍሬም ለሚሄድ ቪዲዮ ይህ 0.4 ሰኮንድ ነው። በመጨረሻው ድምፁ ካለቀ በኋላ የተናጋሪው አፍ ገና ይንቀሳቀስ ነበር። አሠሪያችን ፊት ያፈርነውን እፍረት አንረሳውም። «አሥር ጊዜ ለካ፤ አንድ ጊዜ ቍረጥ» የሚለው ያባቶች ምክር ለጨርቅ ብቻ አለመነገሩን ያን ዕለት ተረዳን።

ይህንም ስንል ሙሉ ፊልም በኖድ ይቈረጥ ማለታችን አይደለም። መቶ ቍራጭ በኖድ ያያያዘ ሰው የገዛ መሥመሩ እንደ ተተበተበ ልቃቂት ይሆንበታል። ኖድ እያንዳንዱን ፍሬም እያሰላ ስለሚያወጣ ይዘገያል፤ ቍርጡን ከድምፅ ጋር ማስማማትም ዋና ሥራው አይደለም። ከዚህም በላይ የፊልሙን ርዝመት የመወሰን ሥልጣን የኤዲተሩ ነው። 120 ፍሬም ተቀብሎ 118 የሚመልስ የኢፌክት ባለሙያ፥ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር የሌላውን ሰው ሥራ አበላሽቷል።

የሶፍትዌሮቹ ሠሪዎችም ቢሆኑ ሁለቱን ሙያ ወደ ማቀራረብ አዘንብለዋል። ፋውንድሪ በ2014 ኑክንና የመቍረጫውን መሥመር በአንድነት የያዘውን ኑክ ስቱዲዮን አወጣ። ብላክማጂክ ዲዛይን ደግሞ ፊውዥን የተባለውን የኖድ ሶፍትዌር በዚያው ዓመት ገዝቶ በ2018 ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከተባለው መቍረጫው ጋር አዋሐደው። ያለ ክፍያ የሚገኘው ብሌንደርም መቍረጫና ኖድ በአንድ ቤት አሉት።

ስለዚህ ለወጣቶቻችንና ለሚያስተምሯቸው ሁሉ የምንመክረው ይህ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቍራጭ የሆነ እንደ ሆነ ባለህበት ቍረጥ፤ ከዚያ የበዛ እንደ ሆነ ወደ መቍረጫው ሂድ፤ በሁለቱም ቤት ግን ፍሬምህን ቍጠር። «ይህ ቤት መቀስ የለውም» ብሎ ጀማሪውን ከማባረር፥ መቀሱ የተቀመጠበትን ቦታ ማሳየት የመምህር ወግ ነው።