ጥቃቅን ጥፋቶች ተደምረው ወንጀል ሲሆኑ፦ የኢልዳር ዳዲን ክስና ያልተነካው ድንጋጌ

የሩሲያ ፌዴሬሽን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 212.1 በ180 ቀናት ውስጥ ከሁለት ጊዜ በላይ የሰላማዊ ሰልፍ ደንብ የተላለፈ ሰው እስከ 5 ዓመት በሚደርስ እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። አንቀጹ በሕጉ የተካተተው በጁላይ 2014 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ድንጋጌ የመጀመሪያው ፍርደኛ የሆኑት ኢልዳር ዳዲን የፓርቲ መሪም ሆነ የምርጫ ተወዳዳሪ አልነበሩም። የሚታወቁት መፈክር ይዘው በሞስኮ አደባባዮች በመቆም ነበር፤ ብዙ ጊዜም ብቻቸውን።

የዳዲን ጉዳይ ሲነሣ በአብዛኛው የሚወሳው ፍጻሜው ነው፦ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ጣልቃ ገባ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ፣ ሰውየውም ተፈቱ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ግን ይህ አነባበብ ዋናውን ነገር ይሸፍናል። የተፈታው ግለሰቡ ነው፤ ግለሰቡን ያሰረው የቁጥር ስልት አልተነካም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ድንጋጌዎች ተዛምቷል።

ስልቱ እንደሚከተለው ይሠራል። በሩሲያ ሕግ የሰልፍ ደንብ መተላለፍ በራሱ ወንጀል ሳይሆን «አስተዳደራዊ ጥፋት» ነው፤ በአገራችን የወንጀል ሕግ «ደንብ መተላለፍ» ከሚባለው ጋር ቢቀራረብም የራሱ የተለየ ሕግና ሥነ ሥርዓት አለው። የሥነ ሥርዓቱ ልዩ ጠባይ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። በችሎቱ ዐቃቤ ሕግ መገኘቱ ግዴታ አይደለም፤ ማስረጃው በአብዛኛው የፖሊስ ሪፖርት ነው። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2016 በካሬሊን ጉዳይ በሰጠው ፍርድ፣ ከሳሽ ወገን በሌለበት ችሎት ዳኛው የከሳሽን ሚና ጭምር ወደ መያዝ ስለሚያዘነብል ገለልተኝነቱ ይጓደላል ብሏል። እንግዲህ አንቀጽ 212.1 የሚቆጥራቸው እንዲህ ባለ ችሎት የተሰጡ ውሳኔዎችን ነው። እያንዳንዱ ውሳኔ ለብቻው ሲታይ የገንዘብ መቀጫ ወይም የጥቂት ቀናት እስር ነው፤ ለይግባኝ ብዙ የሚደከምበት አይመስልም። ሲደመሩ ግን ዓመታት ይሆናሉ።

የነጠላ ሰው ተቃውሞስ? ሕጉ ለእርሱ ቅድሚያ ማሳወቂያ አይጠይቅም። ሆኖም በ2012 የተደረገው ማሻሻያ በአንድ ዓላማ የተያያዙ የነጠላ ሰው ተቃውሞዎችን ፍርድ ቤት እንደ አንድ ሰልፍ እንዲቆጥራቸው ፈቅዷል። በዚህም ምክንያት ብቻውን የቆመ ሰው ማሳወቂያ ያልቀረበበት ሰልፍ ተሳታፊ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

በዲሴምበር 2015 የሞስኮው ባስማኒ ወረዳ ፍርድ ቤት ዳዲንን በ3 ዓመት እስራት ቀጣ፤ ዐቃቤ ሕግ የጠየቀው 2 ዓመት ነበር። በይግባኝ ወደ 2 ዓመት ተኩል ዝቅ አለ። በኖቬምበር 2016 ከካሬሊያው የሴጌዣ ማረሚያ ለባለቤታቸው ያስተላለፉት ደብዳቤ ይፋ ሲሆን፣ በዚያ እንደተደበደቡና እጃቸው ወደ ኋላ በካቴና ታስሮ እንደተሰቀሉ ገለጹ። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 2017 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሰጠ፤ በዚያው ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ፣ ዳዲንም ተፈቱ።

የሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ውሳኔ በጥንቃቄ መነበብ አለበት። አንቀጹ ሕገ መንግሥቱን አይቃረንም አለ፤ ተፈጻሚነቱን ግን በትርጓሜ አጠበበ። በወንጀል ለመጠየቅ ድርጊቱ በሰው፣ በንብረት ወይም በሕዝብ ደኅንነት ላይ ጉዳት ያደረሰ ወይም የእውነት የሚያሰጋ መሆን አለበት፤ ለእስራት ደግሞ ሰልፉ ሰላማዊ ባሕርዩን ያጣ መሆን ይኖርበታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ትርጓሜ ነው። ነገር ግን በሴፕቴምበር 2019 ኮንስታንቲን ኮቶቭ በዚሁ አንቀጽ፣ ከተያዙ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላቸው፣ 4 ዓመት ተፈረደባቸው። ጉዳያቸው ዳግም ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ደርሶ እንዲታይ ከታዘዘ በኋላ ቅጣቱ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ወረደ እንጂ ጥፋተኝነቱ አልተሻረም። የመጀመሪያው ትርጓሜ የታችኛውን ዳኛ እጅ አልያዘም ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተደጋጋሚ ጥፋትን ወደ ወንጀል ማሳደግ በፖለቲካ ጉዳይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ የሩሲያ ሕግ ሰክሮ በማሽከርከር አንድ ጊዜ የተቀጣን ሰው በድጋሚ ሲያጠፋ በወንጀል ይጠይቀዋል፤ በዚህ የሚከራከር ጥቂት ነው። ነገር ግን ሁለቱ አይመሳሰሉም። ሰክሮ የሚያሽከረክር ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ የሌላውን ሕይወት አደጋ ላይ ይጥላል፤ መደጋገሙ የአደጋውን ክብደት ያሳያል። ማንንም ሳይጎዳ መፈክር ይዞ የቆመ ሰው አራተኛ ጊዜ ሲቆም ግን የተጨመረው ጉዳት ምንድን ነው? ዜሮ ስንት ጊዜ ቢደመር ዜሮ ነው። የጨመረው የመንግሥት ትዕግሥት ማጣት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ የወንጀል ፍሬ ነገር ሊሆን አይችልም።

በማርች 2022 የወጣው አንቀጽ 280.3 ስልቱን ይበልጥ አሳጥሮታል። የጦር ኃይሉን «ማጣጣል» መጀመሪያ አስተዳደራዊ ጥፋት ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ከተደገመ ወንጀል ይሆናል። ሦስትና አራት መቁጠር ቀርቶ ሁለት በቃ። የመሞሪያሉ አንጋፋ የመብት ተሟጋች ኦሌግ ኦርሎቭ በዚህ አንቀጽ በኦክቶበር 2023 የ150,000 ሩብል መቀጫ ተወሰነባቸው፤ ዐቃቤ ሕግ ቅጣቱ አነሰ ብሎ ይግባኝ አለ፤ መዝገቡ ተመልሶ በፌብሩዋሪ 2024 በ2 ዓመት ተኩል እስራት ተቀጡ። በኦገስት 2024 የተፈቱትም በእስረኞች ልውውጥ እንጂ በፍርድ አልነበረም። ዳዲን በበኩላቸው ከሁለት ወር በኋላ፣ በዩክሬን ወገን ተሰልፈው ሲዋጉ በካርኪቭ ግዛት ተገደሉ።

በመስኩ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ ባልደረቦች የማቀርበው ሐሳብ የወንጀል ፍርዱን መነሻ አለማድረግ ነው። ፍርዱ የሚገኘው በሰንሰለቱ ጫፍ ነው። ጥናቱ መጀመር ያለበት ከመጀመሪያው የፖሊስ ሪፖርት፣ ማንም ልብ ካላለው መቀጫ፣ ለደቂቃዎች ከተካሄደው አስተዳደራዊ ችሎት ነው። ኦቪዲ-ኢንፎ የተባለው ነጻ ተቋም ከ2011 መጨረሻ ጀምሮ በሰልፎች ላይ የሚፈጸሙ እስሮችን ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ቋንቋውን ለሚያውቅ ተመራማሪ የመጀመሪያው በር እዚያ ይገኛል።