ዕቁቡ ወጥቷል፤ የትኛው ኮሮላ ይገዛ?

ባለፈው ሰሞን ከደብረ ኤልያስ አንድ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልን። ዕቁብ ደርሶታል። ወንድሙ ባጃጁን ሸጧል። አባታቸው ደግሞ ከጎተራ ጤፍ አውጥተው ጨምረውላቸዋል። በዚህ ገንዘብ ደብረ ማርቆስ ላይ ያገለገለ የቤት መኪና ገዝተው ኮንትራት ሊሠሩበት ነው። ደላላው ሁለት ኮሮላ አሳይቷቸዋል፤ አንዱ 1.3 ሌላው 1.8። ሁለቱም «ሞተር ንጹህ፣ ገብቶ መንዳት ብቻ» ተብሎላቸዋል። «የቱን እንግዛ?» ይላል ልጁ።

ቀላል ጥያቄ መስሎን ነበር። ለመልሱ ስንቀመጥ ግን ነገሩ ከጋራዥ አልፎ ታክስ፣ ዶላር፣ ነዳጅና የመንገድ ሁኔታ ውስጥ ገባ። ብዙዎቻችሁም ተመሳሳይ ነገር ስለምትጠይቁን መልሱን እዚሁ በሰፊው ጻፍነው።

ገበያው ለምን እንዲህ ሆነ?

ሌላው ዓለም ላይ መኪና ባረጀ ቁጥር ይረክሳል። እኛ ጋ ግን ብዙዎቻችን ሳንወለድ የተሠራ ኮሮላ ዛሬም ዋጋው ይጨምራል። ለዚህ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል።

አንደኛ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ጥር 2016 ላይ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ አስታወቁ። ሦስተኛ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ።

ይሄ ለገዢ ምን ማለት ነው? አሁን ከተማ ውስጥ የምናያቸው የቤንዚን የቤት መኪኖች በቃ እነዚሁ ናቸው፤ ተተኪ አይመጣላቸውም። እነሱው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋ አይቀንስም። ሞተሩ ከተበላሸ ደግሞ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር መፈለግ ነው፤ እሱም የሚሸጠው በዶላሩ ልክ ነው። ስለዚህ ዛሬ መጥፎ ሞተር መግዛት ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ኪሳራ በእጅጉ ይከብዳል።

1300 የምትባል ቁጥር

መንገድ ላይ 1.3 ሞተር ያላቸው መኪኖች ለምን እንደበዙ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ከዛሬው አዋጅ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 307/1995 አውቶሞቢልን በሞተር መጠን ከፍሎት ነበር። እስከ 1300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1301 እስከ 1800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ።

አሁን የቶዮታን ሞተሮች አስተያዩ። የድሮው ኮሮላ 2ኢ ሞተር 1296 ሲሲ ነው። የኋለኛው 2ኤንዜድ 1298 ነው። ሁለቱም ከመስመሩ በታች ለጥቂት ያመልጣሉ። 1.8 የምንለው 1ዜድዜድ 1794 ሲሲ ስለሆነ እሱም 100 በመቶውን በስድስት ሲሲ ያመልጣል። የመጀመሪያው ቪትዝ ባለ 997 ነው። አስመጪው እነዚህን ሲመርጥ ደጋና ዳገት እያሰበ አልነበረም፤ ጉምሩክ ላይ የሚከፍለውን እያሰበ ነው። ዛሬ እኛ የምናማርጠው እሱ ያኔ ከመረጠው የተረፈውን ነው።

ደላላውን ተዉት፣ ሻንሲውን አንብቡ

ደላላ «1.6 ነው» ሊላችሁ ይችላል። ኮሮላ ግን ራሱ ይናገራል። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችው ቆርቆሮ ላይ የሞዴሉ መለያ ተጽፏል፤ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት የሞተሩን ዘር ይነግሯችኋል። «ኢኢ» ብሎ ከጀመረ ብዙውን ጊዜ 1.3 የቤንዚን ነው። «ኤኢ» ከሆነ ብዙውን ጊዜ 1.6 የሆነው 4ኤ ነው። «ሲኢ» ናፍታ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ላይ «ኤንዜድኢ» ካለ 1.3 ወይም 1.5፣ «ዜድዜድኢ» ካለ 1.6 ወይም 1.8 ነው።

ቆርቆሮው አንድ ነገር፣ ሞተሩ ሌላ ነገር ከተናገሩ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ በራሱ ወንጀል አይደለም። አዲሱ የሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ካልገባ ግን ስም ሲዛወር፣ ቦሎ ሲታደስ፣ ፖሊስ ሲያስቆም መከራው የእናንተ ነው።

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ሰሙን ትቶ ወርቁን መፈለግ እዚያ ለልጅ ያስተምሩታል። የመኪና ማስታወቂያም እንደዚያው ይነበባል። «ትንሽ ሥራ ይፈልጋል» ሰም ነው፤ ወርቁ «ቴስታታው ወርዶ ያውቃል» ሊሆን ይችላል።

ከፍታው ሞተሩን ይበላዋል

ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ደብረ ማርቆስም ደብረ ኤልያስም ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር ይበልጣሉ። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ገደማ ያጣል። 2ኢ አዲስ እያለ ወደ 75 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ እኛ ጋ ሲደርስ 60 ገደማ ይቀረዋል፤ ሠላሳ ዓመት የሠራ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። 4ኤ ከ100 በላይ ስላለው ቢቀነስለትም ዳገት ላይ ይተርፈዋል። 1.8ቱ ወደ 130 ይዞ ስለሚነሳ አይጨነቅም።

ልዩነቱ የሚታየው ባዶውን ሲነዳ አይደለም። አምስት ሰው፣ አንድ ኩንታልና ሁለት ዶሮ ተጭኖ በጭቃ ዳገት ሲወጣ ነው። 1.3ቱ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ይወጣል። ያኔ ቆጣቢነቱ ይቀራል፤ ውሃ ያፈላል፤ ፍሪሲዮን ይበላል። ዓባይ በረሃን ከድልድዩ ወደ ደጀን የወጣ ሰው የምንለውን ያውቃል፤ ከ1000 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ራዲያተሩ የደከመ መኪና እዚያ ላይ ይጋለጣል።

ሒሳቡ ሲሠራ

እንግዲህ ወደ ብሩ እንምጣ። ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በሊትር ከ100 ብር አልፏል፤ ከዚያም ጨምሯል። ለሒሳብ እንዲመቸን 120 ብር እንያዝ። መኪናው በቀን 80 ኪሎ ሜትር ይሥራ።

1.3ቱ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቢጠጣ በቀን 5.6 ሊትር ነው፤ 672 ብር። 1.8ቱ 10 ሊትር ቢጠጣ 8 ሊትር ነው፤ 960 ብር። ልዩነቱ በቀን 288 ብር፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 7,488 ብር።

ይሄ ማደያ ላይ ሲገኝ ነው። ሰልፉ ሲረዝም ወይም መንገድ ሲዘጋ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር መሸጡን ሁላችንም እናውቃለን። ከማደያ ውጭ መሸጥ በሕግ ያስቀጣል፤ ያም ሆኖ ይሸጣል። ዋጋው እጥፍ ከሆነ ልዩነቱም እጥፍ ይሆናል፤ በወር ወደ 15,000 ብር። በዚያ ላይ የሃይላንድ ቤንዚን ውስጥ ምን እንደተደባለቀ አታውቁም። የድሮው ባለ ካርቡራተር 2ኢ ተጠርጎ ይነሳል፤ ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ግን ፓምፑና ኖዝሉ ሲዘጋ ወጪው ሌላ ነው።

ከ2015 ክረምት ጀምሮ በክልላችን ያለው ግጭት ይህን ሁሉ አባብሶታል። መንገድ ለቀናት ሲዘጋ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ አይመጣም፤ መኪናው ቆሞ ይውላል። ስለዚህ «የትኛው ሞተር ይሻላል» ብላችሁ ስትጠይቁ «የትኛውን የሰፈሬ መካኒክ ሳይቸገር ይፈታዋል» ብላችሁም ጠይቁ። በዚህ 2ኢ እና 4ኤ ይመሰገናሉ። ሁለቱም በቺንጊያ ነው የሚሠሩት፤ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ ገዝታችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቀይሩት። ኤንዜድና ዜድዜድ ካቴና ስላላቸው ከዚህ ይድናሉ። የዜድዜድ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ግን ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ ዲፕስቲኩን ሳታዩ አትስማሙ።

ናፍታስ? ኤሌክትሪክስ?

የኮሮላ ናፍታ፣ 2ሲ የሚባለው፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ችግሩ ሙቀት አይችልም፤ አንዴ ውሃ ካፈላ ቴስታታው ይሰነጠቃል። ለዳገት አገር ይሄ ትልቅ ቁማር ነው። ናፍታም ቢሆን ዋጋው ከቤንዚን ብዙ አይርቅም።

የኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ አያስጨንቀውም፤ ስስ አየር ጉልበቱን አይወስድበትም። ቁልቁለት ላይም ባትሪውን መልሶ ይሞላል። መንግሥት ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሱር ታክስና ከኤክሳይዝ ነፃ አድርጎት ነበር፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ነበር። የዚያው 80 ኪሎ ሜትር ጉዞ 11 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈልግ፣ አንዱን በ5 ብር ብናስብ 55 ብር ነው። የመብራት ታሪፉ ከ2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሄድም ከ672 ብር ጋር አይወዳደርም። በቤት ሶኬት አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።

እና ለምን ኤሌክትሪክ አንልም? አንደኛ፣ የሁለቱ ወንድማማቾች ገንዘብ አይደርስበትም። ሁለተኛ፣ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያው በአብዛኛው አዲስ አበባ ነው። መብራት ሁለት ቀን ከጠፋ መኪናው አጥር ውስጥ ይቀራል። ባትሪና ኤሌክትሮኒክስ የሚፈታ ባለሙያም ገና አልተስፋፋም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያገለገሉ የኤሌክትሪክ መኪኖች ወደ ዞን ከተሞች ሲወርዱ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል ብለን እናስባለን። ያኔ ዛሬ በውድ የተገዛ ቤንዚን ጠጪ 1.8 ገዢ ሊያጣ ይችላል። ይሄንንም አስቡበት።

ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ። «አሙቄ ጠበቅኋችሁ» ካለ ሌላ ቀን ተቃጠሩ። ሲነሳ ማርሚታውን እዩ፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት፣ ጥቁር የበዛ ነዳጅ፣ የማያቆም ነጭ ጭስ ውሃ ነው። የዘይት ክዳኑን ከፍታችሁ ጭስ እየገፋ ከወጣ ፋሻው አልቋል። ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ቅባት ካለ ተሰናበቱ። ጭናችሁ ዳገት አውጡት። መካኒኩን እናንተ ምረጡ፤ ደላላው የሚያመጣውን አትቀበሉ።

ወረቀቱም እንደዚያው። የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የባንክ ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ይጣራ። «በውክልና ይዘኸው ዙር» የሚል ቢመጣ እንቢ በሉ፤ ወካዩ ከሞተ ወይም ውክልናውን ካነሳ መኪናው በስማችሁ አይደለም። ኮንትራት ለመሥራት ደግሞ ሰሌዳው ወሳኝ ነው፤ ኮድ 2 ይዞ ሰው በክፍያ መጫን ያስቀጣል።

ለልጁ የሰጠነው መልስ

1.8ቱን ተዉት፤ ነዳጁ ትርፋችሁን ይጨርሰዋል። 1.3ቱን ከአራት ሰው በላይ ላለመጫን ከወሰናችሁና ከላይ ያለውን ፈተና ካለፈ ግዙት። ትንሽ መጠበቅ ከቻላችሁ ግን በእኛ እምነት ለደብረ ኤልያስ የሚሆነው ደህና 4ኤ ሞተር ያለው 1.6 ነው፤ ለዳገቱ ጉልበት አለው፤ መለዋወጫው ይገኛል፤ የማይፈታው መካኒክ የለም። የትኛውንም ብትገዙ ከገንዘባችሁ አምስተኛውን እጅ ለጥገና አስቀሩ። ሙሉውን ሰጥቶ ባዶ ኪስ ሆኖ መንዳት ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ልጁ ትናንት መለሰልን። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሳይነገራቸው ሄደው 1.3ቱን አስነሱት፤ ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ሞላው። ደላላው «ብርዱ ነው» አለ። አባታቸውም አብረው ነበሩ። ጭሱን አይተው «ይሄማ ጤፌን ነው የሚያጨሰው» ብለው መለሷቸው።

ገንዘቡ አሁንም እጃቸው ላይ ነው፤ 4ኤ እየፈለጉ ነው። እናንተስ ምን እየነዳችሁ ነው? በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይጠጣባችኋል? ጻፉልን፤ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅመዋል።